የተገላቢጦሽ ምርቃት

ቡሬ ገበያ ወርዶ በርበሬ የገዛ ሰው ምርቃት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሚዛኑ ልክ ብሎ ከቆመ፣ ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ ገዢው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሻጯን ያያታል። እሷም ያላየች ለመምሰል ፊቷን ወደ ጆንያው ታዞራለች። እሱ አይሄድም። በመጨረሻ «እንካ እንግዲህ» ብላ አንድ ጭብጥ ዛላ ታፍስና ትጨምርለታለች። ያን ጊዜ ነው ግብይቱ ያለቀው። አጎቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገበያ ሲወጡ ያለ ምርቃት የተመለሱበትን ቀን አያስታውሱም። ለሳቸው ዋጋ ማለት ከተከፈለ በኋላ የሚጨመርበት ነገር ነው፤ የሚጨምረው ግን ሁልጊዜ ሻጩ ነው።

ሆቴል አድረው አያውቁም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ጉዳይ ገጥሟቸው ፍኖተ ሰላም ይዣቸው ሄድሁ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ፋይሉን አገላብጦ «ነገ ጠዋት ተመለሱ» አለን። ይህች «ነገ ተመለሱ» በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ሰፍራ አታውቅም እንጂ ስንት ያስወጣል! አልጋ፣ እራት፣ ቁርስ፣ የሞባይል ካርድ፣ ከዚያም ለተጨነቁት ቤተሰቦች የሚገዛ ዳቦ።

«ለአልጋ ምን ያስጨንቃል?» አሉ አጎቴ። «አንዱን ቤት አንኳኩተን ‹የመሸበት መንገደኛ ነን፣ አሳድሩን› ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ቤት የእግዜር እንግዳ ያላደረበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። እግሩን ያጥቡታል፣ ካለው ያበሉታል፣ መደብ ያነጥፉለታል፤ ስሙን እንኳ የሚጠይቁት ከጠገበ በኋላ ነው። ከተማ እንዲህ እንደማያደርግ ለማስረዳት ስሞክር «የሰላም መንገድ ተብላ የመንገደኛ ማደሪያ የላትም?» አሉኝ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ መሆኑን የማያውቅ የለምና መልስ አጣሁ። አንድ ሆቴል አስገብቼ እንግዳ መቀበያው ፊት አቆምኋቸው።

ግድግዳው ላይ አራት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ከሥራቸው ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ዱባይ፣ አዲስ አበባ ይላል። ለንደንና ዱባይ ቆመዋል፤ ኒው ዮርክ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይቆጥራል። የንግድ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል፣ የባለቤቱም ፎቶ እንዲሁ። የአልጋ ዋጋ ግን የለም።

«አልጋ አለ?»

«አለ።» እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታዋ የሚያሳሳ ልጅ ናት።

«ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ።»

እኔ እንግዲህ በትምህርት ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው «ሦስት መቶ» ስባል ሦስት መቶ መሰለኝ። መታወቂያችንን ተቀብላ ትልቁን መዝገብ ገልጣ ከየት እንደመጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ሥራችን ምን እንደሆነ ጻፈች። አጎቴ በጥያቄው ብዛት ደስ አላቸው። እንግዳን ማነጋገር ወግ ነውና ጥሩ አስተናጋጅ ናት አሉ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ለሁለት ሰው ሲሆን መቶ ብር ይጨመራል» አለች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» አሉ አጎቴ።

ክፍላችን ገብተን በሩን ስንዘጋ ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት አየን። አጎቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር አይተው ሳያነቡ አያልፉም። ጣታቸውን እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። «ፎጣ 200 ብር። አንሶላ 350 ብር። ብርድ ልብስ 600 ብር። ብርጭቆ 25 ብር። ቁልፍ 150 ብር።» ከዚያ ወደ አልጋው ዞረው ብርድ ልብሱን በሁለት ጣታቸው ያሹት ጀመር። ጥጡ አላስከፋቸውም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በክንዳቸው ለኩት፣ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው ቀዳዳ ፈለጉ፣ በመጨረሻም አጣጥፈው አስቀመጡት።

«ስድስት መቶ ብዙ ነው። መጨረሻውን ጠይቅልኝ።»

የሚሸጥ ሳይሆን ቢጠፋ የምንከፍለው መሆኑን ስነግራቸው በጣም አዘኑ። ያዘኑት ስለ ብርድ ልብሱ አይደለም። «ሳናድር ሌባ አደረጉን?» አሉ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነበር፦ በዚያ ሆቴል ውስጥ በግልጽ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ተጽፎ ያየሁት ዋጋ የምሰርቀው ዕቃ ዋጋ ብቻ ነበር። ለሌባ የተሟላ መረጃ አለ። ከፍሎ ለሚያድር ግን የለም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጎን ለጎን ቆመዋል። አጎቴ እንግዳ ሲገባ ውሃ ማቅረብ የወጉ ነው ብለው አንዱን አነሡ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ጠጡ። ሁለተኛውን እኔ ጠጣሁት። እራት በልተን ስንመለስ መብራት ጠፋ። ወዲያው ከጓሮ ጄኔሬተር ማጓራት ጀመረ፤ ክፍላችን በራ። «ጎበዞች ናቸው» አሉ አጎቴ። እኔም አልኩ።

ሌሊቱን ከእንቅልፌ ቀሰቀሱኝ። ገና አልነጋም። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ተነሥ እንጂ! ‹ክፍሉን ከ12፡00 በፊት ይልቀቁ› ይላል። ሊሞላ ነው።»

አነበብሁት። ይላል። ዓይናችንን እያሸን ቁልፉን ይዘን ወረድን። እንግዳ ተቀባይዋን ከሶፋ ላይ ቀሰቀስናት። «እሱ እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው» አለች እያፈረች፤ «ስድስት ሰዓት ማለት ነው።»

«ፈረንጅ እንግዳ ይበዛባችኋል?» አሉ አጎቴ።

«አይ አባቴ፣ አይመጡም።»

«ታዲያ የሚመጣ ማን ነው?»

ልጅቱ አሰበች። «እናንተ» አለች።

ከተነሣን ወዲያ ተመልሰን አንተኛም ብለን ሂሳብ ጠየቅን። አልጋ 300። ለሁለተኛ ሰው 100። ጄኔሬተር 30። ሁለት ውሃ በ14፣ 28። ድምር 458። አጎቴ የጄኔሬተሩን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ የውሃውን ሲሰሙ ግን ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ‹እግዜር ይስጥልን› ብዬ ነው እኮ የጠጣሁት» አሉ። ምርቃታቸው ሳይመለስላቸው እንዲሁ መቅረቱ ነው ያንገበገባቸው። ባዶውን ጠርሙስ ከክፍሉ ለማምጣት ደረጃውን ተመልሰው ወጡ። ከፍለንበታል አሉ፤ የሁለታችንንም ይዘው ወረዱ።

500 ብር ሰጠኋት። 40 መለሰችልኝና መሳቢያዋን ከፍታ ፈልጋ ፈልጋ «ዝርዝር የለኝም» አለች፤ በሁለቱ ብር ፈንታ ሁለት ማስቲካ አጎቴ መዳፍ ላይ አኖረች። የአጎቴ ፊት በራ።

«አየህ?» አሉኝ። «ሳልጠይቃት መረቀችኝ!»

የራሳችን ሁለት ብር መሆኑን መቼ እንደምነግራቸው አላወቅሁም። የነገርኋቸው ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተን መንገዳችንን ቀጥለን ባሕር ዳር ልንገባ ስንል ነው።

የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጥበቃው ባልዲውን ይዞ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። መኪናዬ ተብለጭልጫለች። እጠብ አላልሁትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ሌሊቱን አጥቧታል፤ አሁን ባልዲውን ይዞ ፈገግ ብሎ ከመቆም በስተቀር ምንም አይልም። ይህን አቋቋም በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ መኪና ይዞ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ብር ሰጠሁት። «በጭቃዋም ቢሆን ትሄድ አልነበር?» አሉ አጎቴ።

በአውቶቡስ ብሄድም ኖሮ አላመልጥም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወርድ አውቶቡስ ለምሳ የሚቆመው ወጡ በሚጣፍጥበት ሳይሆን ሾፌሩና ረዳቱ በነፃ በሚበሉበት ቤት ነው። ነፃ የሚባለው ሥጋ በአርባና በሃምሳ መንገደኛ ሽሮ ላይ ተበትኖ ይከፈላል። አጠገቤ ተቀምጦ የሚበላውን ሾፌር እንደጋበዝሁት ሳላውቅ ስንት ጊዜ «ብላ» ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ፈረንጅ ክፍያ የሚደብቀው በደቃቅ ጽሑፍ ነው ይላሉ። የኛው የተደበቀው የት ነው? ልጅቱ አልዋሸችም። «ስንት ነው?» አልኋት፣ «ሦስት መቶ» አለች፤ አልጋው ሦስት መቶ ነው። «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» ብል ኖሮ በዚያ ፈገግታዋ አንድ በአንድ ትነግረኝ ነበር። ያላልሁት ከኋላዬ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ስለቆሙ ነው። ቋጣሪ እንዳይሉኝ! የማላውቃቸው፣ ዳግም የማላያቸው ሁለት ሰዎች በልባቸው እንዳይታዘቡኝ ስል 158 ብር ከፈልሁ። የኛ አገር የተደበቀ ክፍያ በሷ አለመናገርና በኔ አለመጠየቅ መካከል ተጋድሞ የሚያድር ነው፤ ስሙም ይሉኝታ ነው፤ እሱም እንደ ጄኔሬተሩ ይከፈልበታል።

የጥንቱ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ነበር ለማለት አልደፍርም። የሲራራ ነጋዴ በየኬላው እየተቀረጠ ነበር የሚጓዘው። ገበሬውም የንጉሥ እንግዳ ሲመጣበት «ደርጎ» ተብሎ እንጀራውን፣ ማሩን፣ በጉን እንዲያቀርብ ይታዘዝ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልተነገረው ክፍያ የሚወድቀው በአስተናጋጁ ላይ ነው ማለት ነው። ኬላ ግን ቢያንስ ይታያል። ነጋዴው ከሩቅ አይቶት በቅሎውን አቁሞ ማሰብ፣ ከፈለገም ዞሮ በሌላ መንገድ መሄድ ይችላል።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኬላው ይታይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዝዛል። ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅም መብት አለው። ከሁሉ የወደድኋት ግን፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ሸማች እንዲገዛ አይገደድም የምትለዋ ናት። ይህችን መንገድ ላይ ለአጎቴ ስነግራቸው መኪናው እስኪናወጥ ሳቁ።

«ይኸን ለመንገር ነጋሪት ተመታ?»

«ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ጋሼ።»

«ቡሬ ገበያ መጥተው ቢጠይቁን እኮ በነፃ እንነግራቸው ነበር።»

ባሕር ዳር ያደርንበት ሆቴል ደግሞ የተማረ ሆቴል ነው። ዋጋው ተጽፏል፤ ሰሌዳው ላይ «1,000++» ይላል። አጎቴ ተጠግተው ካዩት በኋላ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ሁለት መስቀሎች ለየትኛው ደብር ናቸው?»

አንደኛው መስቀል ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሁለተኛው ቫት መሆኑን አስረዳኋቸው። ለአስተናጋጆች ተብሎ አሥር በመቶ ይጨመራል፤ 1,100 ይሆናል። ከዚያ በዚህ በ1,100 ላይ አሥራ አምስት በመቶ ቫት ይጨመራል፤ 165። ድምሩ 1,265። አንድ ሺህ ተብሎ የተጻፈው ክፍል 26 ከግማሽ በመቶ ወፍሮ ይወጣል። አጎቴ በጣታቸው ቆጠሩት። ግብር አይከፈል አላሉም፤ የመሬት ግብራቸውን በጊዜው የሚከፍሉ ሰው ናቸው። ያልገባቸው ሌላ ነው።

«ለአሳላፊዋ የሰጠነው መቶ ብር ላይም ግብር አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ደምሮ አይጽፈውም? ሂሳብ የሚችለው እሱ፣ ደምር የምባለው እኔ?»

ይህን ጥያቄ ከሳቸው አፍ ከሰማሁት ወዲህ እስከ ዛሬ መልስ እየፈለግሁለት ነው። ዋጋ ለኔ ከፍዬ የምወጣው ገንዘብ ነው። የተቀረው የባለሆቴሉ የቤት ሥራ ነው፤ የቤት ሥራውን ደግሞ ከሁለት መስቀል ጋር ለእንግዳ ማስረከብ ነውር ይመስለኛል። ሦስት ዓይነት ዋጋም አለ፦ አንዱ ለአገሬው፣ አንዱ ለውጭ ዜጋ፣ አንዱ ደግሞ በአነጋገሩ ዲያስፖራ መሆኑ ለተጠረጠረ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ሲመጣ ሆቴል የሚያስይዘው በኔ አፍ ነው። እሱ ኋላዬ ቆሞ ሰላምታ እንኳ አይመልስም፤ «ሃይ» ካለ ዋጋው በዶላር ይሆናልና።

እሱ ግን አሜሪካም ሰላም የለም ይላል። ላስ ቬጋስ አንድ ሌሊት አድሮ «ሪዞርት ፊ» የሚባል ነገር ከፍሏል፤ ላልዋኘበት ገንዳ፣ ላልነካው የስፖርት መሣሪያ። በቅርቡ ደውሎ ሕግ መውጣቱን ነገረኝ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ከግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሆቴሎችና የመዝናኛ ትኬት ሻጮች ከመንግሥት ግብር በቀር ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ ደምረው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ክፍያውን ራሱን ግን አልከለከለም። ለአጎቴ በስልክ አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ኬላውን አላፈረሱትም፣ ገመዱን ብቻ በቀን ዘረጉት» አሉ። የኮሚሽኑ ጠበቆች ከዚህ ባጠረ ቃል የሚያስረዱት አይመስለኝም።

በዚያ ጉዟችን መጨረሻ ጢስ ዓባይ ሄድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጎቴ የጎጃም ሰው ሆነው ፏፏቴውን ያዩት ብር ላይ ብቻ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣችው የወረቀት አንድ ብር፣ በፊቷ እረኛው ልጅ፣ በጀርባዋ ጢስ ዓባይና ወፎቹ የነበሩባት። በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም ሲመጣ ፏፏቴው ቀርቶ ሚዛን ተቀረጸበት። ማስቲካ የተሰጠን በሱ ፈንታ ነው እንግዲህ፤ ፏፏቴውም ሚዛኑም የለበትም።

ትኬት መቁረጫው ደጃፍ ላይ አጎቴ ተለውጠው አገኘኋቸው። ሁለት ሌሊት አስተምሯቸዋል። አስጎብኚውን፣ ጠይም ወጣት ነው፣ ትከሻውን ያዙና ጥያቄያቸውን ደረደሩ።

«መግቢያው ስንት ነው? ያንተስ? ጀልባው ለብቻው ነው? ለመሄጃ ነው ወይስ ለመመለሻም? ድልድዩን ስንሻገር የሚቀበል አለ? ውሃ ብትሰጠኝ ትሸጥልኛለህ ወይስ ታጠጣኛለህ?»

ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። ወጣቱ ግን አንድ በአንድ መለሰላቸው፣ ደመረላቸው፣ ድምሩንም ደገመላቸው። «ይኸ ሰው ነው» አሉና ቀድመውት መንገድ ጀመሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአላታን ድልድይ ስንሻገር አስጎብኚው ስለ ፖርቹጋሎች ሲያወራ፣ እሳቸው ግራና ቀኝ ተቀባይ ካለ ይፈትሹ ነበር።

እኔ ደግሞ ስለ ጄምስ ብሩስ አጫወትኋቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ሰከላ ወጥቶ ግሽ ዓባይ ምንጩ ላይ ቆመ። መግቢያ መክፈሉ ይቅርና፣ ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር ከነምንጩ ለሱና ለልጅ ልጆቹ ሰጥተውት ነበር።

«ምርቃት ማለት ይህ ነው!» አሉ አጎቴ በቅናት። «ሊያየው የመጣውን ምንጭ ጨመሩለት።»

ደረስን። ፏፏቴው በክረምት 400 ሜትር ያህል ተንጣሎ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወርድ ነው። እኛ የደረስንበት ግን የካቲት ነው። ከጥቁሩ ገደል ላይ በአንድ ጎን ቀጠን ያለ ውሃ ይወርዳል። ጢሱም ደካማ ነው፤ ሊጠፋ እንደደረሰ ምድጃ።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ሌላው የት ሄደ?»

አስጎብኚው ወደ ላይ ጠቆመ። ከፏፏቴው በላይ ውሃው ይጠለፍና በቦይ ወደ ኃይል ማመንጫ ይወርዳል አላቸው፤ የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛውና ትልቁ በ2001 የተሠራ።

«ይህ ሁሉ ውሃ መብራት ሆነ?»

«አዎ አባቴ፣ መብራት ሆነ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍኖተ ሰላም ያደርን ለት መብራት ጠፍቶ አልነበር?»

«ነበር ጋሼ።»

«ጄኔሬተር ከፍለን?»

«ሠላሳ ብር።»

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ለፏፏቴው መግቢያ ከፍለዋል፤ ፏፏቴው የለም፤ መብራት ሆኗል። መብራቱም የለም፤ ለመብራቱ ምትክ ከፍለዋል። ሦስተኛውን ጣት አጥፈው ቆም አሉና መልሰው ዘረጉት። ሂሳቡ የትም ቦታ ላይ ሊዘጋላቸው አልቻለም።

ስንመለስ ጀልባው ጠርዝ ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ከጋቢያቸው ሥር ሁለቱን የሃይላንድ ጠርሙሶች አወጡ፤ በ14 በ14 ብር የተገዙትን። የዓባይ ውሃ ከግሽ ተነሥቶ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላልና፣ ለሳቸው ጸበል ነው። አንዱን እስከ አፉ ሞሉ፣ ክዳኑን አጠበቁ። ሁለተኛውን ሞሉ። ከዚያ ቀና ብለው አስጎብኚውን አዩት።

«ይኸስ አይቆጠርም?»

«አይቆጠርም አባቴ።»

«ጻፍልኝ።»